ዛፉስ የታለ?

ጫማው ሦስት ቁጥር ይበልጠኝ ነበር። አክስቴ ከአሜሪካ ስትልክ ሁሌም "ያድግበታል" ብላ ነው የምትገዛው። እማዬ መርቃት ስታበቃ ጫማውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። የእኔ ዓይን ግን ጫማው ውስጥ ተጠቅጥቆ የመጣው ወረቀት ላይ ነበር። ቅርጹ እንዳይበላሽ ተብሎ የተጠቀጠቀ ባለ ቀለም የመጽሔት ገጽ ነው። ከግራው አንድ፣ ከቀኙ ሁለት ወጣ።

1996 ዓ.ም. ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ነኝ። ገጾቹን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ በመዳፌ ተኮስኳቸው። አረንጓዴ መንደር አለ። ሰይፍ የያዘ ጎረምሳ አለ። ቀጥሎ ያው ጎረምሳ ጸጉሩ ሸብቶ፣ ፊቱ ጠባሳ በጠባሳ ሆኖ ቆሟል። ጽሑፉን በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ሦስት ቀን ታገልኩት። እንደገባኝ ከሆነ "ፌብል" የሚባል ጌም እየተሠራ ነው። ልጅ ሆነህ ትጀምራለህ፣ ሽማግሌ ሆነህ ትጨርሳለህ። ደግ ብትሆን መልክህ ላይ ይታያል፤ ክፉም ብትሆን እንደዚያው። ደግሞ የዛፍ ፍሬ መሬት ውስጥ ብትቀብር፣ ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ዛፍ ሆኖ ይጠብቅሃል።

እዚህች ላይ ስደርስ መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁት። የቀረውን ማንበብ አላስፈለገኝም።

የምን ፍሬ ነው? መዝገበ ቃላቱ "የባሉጥ ፍሬ" ይላል። ባሉጥ ምን እንደሚመስል ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ በሐሳቤ ዋርካ አደረግኩት። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ አብርሃም በመምሬ የተቀመጠበትን ዛፍ እንግሊዝኛው ባሉጥ ሲለው የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ "የአድባር ዛፍ" እንደሚለው ያስተዋልኩት። ያኔ ባውቅ ኖሮ ምን ልሆን እንደምችል አላውቅም። አድባር የሚያስተክል ጌም!

በማግስቱ ለጓደኛዬ ነገርኩት። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ኳስና ቡጢ ብቻ ነበር የሚያጫውተው። በጨዋታ ነው የሚከፈለው፤ የተሸነፈ ይነሳል። እኛ ደግሞ ሁለታችንም ቶሎ የምንነሳ ነበርን። ማንም የማያስነሳን፣ እንደ ልባችን የምንዞርበት፣ ሲደክመን የምንተኛበት ዓለም ስንመኝ ነው እነዚያ ገጾች የመጡት።

ችግሩ ገጾቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ወሬ ደግሞ በሦስት ገጽ አያልቅም።

"ውሻ አለው?" ብሎ ጠየቀኝ ጓደኛዬ።

"አለው" አልኩት።

"ድንጋይ ብወረውርበት ያስታውሰኛል?"

"ያስታውስሃል። ካደግክ በኋላም ሲያይህ ይጮህብሃል።"

ገጾቹ ላይ ውሻ የሚባል ነገር የለም። ግን ስናገረው እውነት መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አጣሁ። ከገበያ የሰረቅክባት ሴት ልጇን አሳድጋ ትልክብሃለች አልኩት። ወንዝ ላይ ድልድይ ብትሠራ ሰዎቹ በስምህ ይጠሩታል አልኩት። እየመሸ ሲሄድ እናቱ በአጥሩ ላይ እስኪጠሩት ድረስ ይጠይቀኛል፤ እኔም "አለው" እላለሁ። አንድም ቀን "እሱን አላውቅም" ብዬ አላውቅም።

ክረምቱ ሲገባ አላስችል አለንና ራሳችን ተከልን። የአቮካዶ ፍሬ ነበር፤ በአጥራችን ጥግ፣ ከቧንቧው አጠገብ። ቀኑን ደብተር ላይ ጻፍን። በሳምንቱ የጓደኛዬ እናት ዶሮ ጭራ አወጣችው። ፌብል ውስጥ ዶሮ በካልቾ መምታት እንደሚቻል ያወቅኩት ኋላ ነው። ሰዎቹም ጀግናውን መጀመሪያ ላይ የሚጠሩት "ዶሮ አሳዳጅ" እያሉ ነው። ያን ቀን ለዚያ ስም የሚያበቃ ሥራ ሠርተናል፤ ለእትዬ ግን አልነገርናቸውም።

ጌሙ እ.ኤ.አ. መስከረም 2004 ኤክስቦክስ ለሚባል፣ እንደ ፕሌይስቴሽን ላለ መጫወቻ ወጣ። እኛ ጋ ኤክስቦክስ ያለው ሰው አናውቅም። በዓመቱ "ዘ ሎስት ቻፕተርስ" የሚል ቅጥያ ያለው፣ ተጨማሪ ታሪክ የታከለበት ለኮምፒውተር ወጣ። ኮምፒውተርም የለንም። ወንድሜ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ቤት ያስገባው 2000 ዓ.ም. ላይ ነው። ያኔ እኔ 17 ሞልቶኛል። ጫማውም ልክ ሆኖ፣ ተደርጎ፣ አልቆ ተጥሏል።

ሲዲውን ከአንድ ሱቅ አስገለበጥን። ኢንስቶል እስኪያደርግ ሁለታችንም መቁጠሪያውን አፍጥጠን እናያለን። ጓደኛዬ ዱካ ስቦ በቀኜ ተቀምጧል። አራት ዓመት ሙሉ ስንጠብቅ ስለነበር ማን ይጀምር የሚለው ላይ እንኳን አልተጨቃጨቅንም። "አንተ ነህ ያመጣኸው" አለኝ።

የመጀመሪያው ሰዓት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጠበቅነው በላይ ነበር። ኦክቬል የሚባል መንደር ውስጥ ትንሽ ልጅ ነህ። የመንደሩ ስም ራሱ የባሉጥ ሸለቆ እንደማለት ነው። የእህትህ ልደት ነው፤ ስጦታ መግዣ ገንዘብ የለህም። አባትህ በሠራኸው በእያንዳንዱ መልካም ሥራ አንድ ወርቅ እሰጥሃለሁ ይልሃል። ትወጣለህ። አንድ ነጋዴ በርሜሎቼን ጠብቅልኝ ብሎህ ይሄዳል፤ ወዲያው ሌላ ልጅ መጥቶ ስበራቸው፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ እንይ ይልሃል። ከቤት ጀርባ አንድ ባለትዳር ከሌላ ሴት ጋር ቆሟል፤ ዝም በልና ወርቅ ልስጥህ ይላል። ጓደኛዬ "ውሰድ፣ ውሰድ!" እያለ ጉልበቴን ይመታኛል። እኔ ሄጄ ለሚስቱ ነገርኩ። "አንተ ሰው አይደለህም" አለኝ። ከዚያ ሽፍቶች መጥተው መንደሩን አቃጠሉት።

ይሄ አጀማመር እስከ ዛሬ ያስቀናኛል። በትንሽ ነገር፣ በበርሜልና በሐሜት፣ ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቅሃል። ቀሪው ጌም በዚያው ቢቀጥል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

አልቀጠለም። ጀግናው የጀግኖች ማኅበር ውስጥ ሠልጥኖ ሲወጣ ዓለሙ ትልቅ ነው ብለን ጠበቅን። ዓለሙ ግን ትንንሽ ክፍሎች ያሉት ቤት ነው የሚመስለው። ትንሽ ትሄዳለህ፣ ይቆምና ይጭናል። እንደገና ትሄዳለህ፣ ይጭናል። ዘንዶ የሚያህል ጭራቅ የጣለ ጀግና ከጉልበቱ የማይበልጥ አጥር መዝለል አይችልም። አጥር ዘለን ላደግን ልጆች ይሄ ስድብ ነው። አሠልጣኙ ሽማግሌ ደግሞ በተጎዳህ ቁጥር ከአየር ላይ "ጤናህ አሽቆልቁሏል! መድኃኒት አለህ? ወይስ ምግብ?" ይልሃል። በመጀመሪያው ቀን አሳቀን። በሦስተኛው ቀን ድምፁን ቀነስነው። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ግን ከሁለታችን አንዱ ምሳ ሰዓት ሲያልፍበት የሚለው ይህንኑ ነው።

ለመልካምነት የሰጠው መልክ ደስ ይላል፤ ይህን አልክድም። ደግ ስትሆን ራስህ ላይ የብርሃን አክሊል ይወጣልሃል፣ ቢራቢሮ ይከተልሃል። ክፉ ስትሆን ቀንድ ታበቅላለህ፣ ዝንብ ይወርርሃል። ጓደኛዬ የራሱን ጀግና ሲጀምር ወዲያው ጫጩት መብላት ጀመረ፤ ከነነፍሳቸው። ጌሙ ይህን እንደ ከባድ ኃጢአት ነው የሚቆጥረው። በጾም ሰሞን ስለነበር እኔም ትንሽ ደነገጥኩ።

እርጅናው ነው የከፋው። ገጾቹ ላይ ሕይወት ሙሉ ያለ መስሎኝ ነበር። ጌሙ ውስጥ ግን ጀግናው የሚያረጀው ችሎታውን ባሳደግክ ቁጥር ነው። አንድ ማታ ተቀምጬ ያጠራቀምኩትን ነጥብ ሁሉ በኃይልና በአስማት ላይ አፈሰስኩት። ከመቀመጫው ሲነሳ ሸብቷል። በጠዋት 25 የነበረው ሰውዬ ማታ 50 አለፈው። ይዤው ወደ ቦወርስቶን ከተማ ወረድኩ። ያኔ ጎረምሳ ሳለሁ ከኋላዬ ይሮጡ የነበሩት ሕፃናት አሁንም ሕፃናት ናቸው። አንድ ኢንች አላደጉም። እኔ ብቻ ነኝ ያረጀሁት።

ከዚያ ጓደኛዬ ያን ጥያቄ ጠየቀ።

"ዛፉስ የታለ?"

ጌሙ ውስጥ አካፋ አለ። መቆፈርም ይቻላል፤ የተቀበረ ነገር ታወጣለህ። መትከል ግን የለም። ኦክቬል ተመልሼ ብዙ ዞርኩ። ዛፎች አሉ፤ ከመጀመሪያው እንደነበሩ ቆመዋል። "ምናልባት በኋላ ነው የሚመጣው" አልኩ።

"ውሻውስ?"

ዝም አልኩ።

"ድልድዩስ? ልጇን የምትልከው ሴትዮስ?"

ወደ ስክሪኑ እያየሁ ነው። ወደ እሱ ማየት አልቻልኩም። ተንኮል አልነበረውም እኮ ጥያቄው። አራት ዓመት ሙሉ ያመነኝ ልጅ ነው፤ ዝርዝሩን በቃሉ ይዞታል። ውሻው የእኔ እንደሆነ፣ ድልድዩም የእኔ እንደሆነ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ልክ ያኔ መብራት ጠፋ። ፈረቃ የነበረበት ሰሞን ነው። በሕይወቴ መብራት በመጥፋቱ የተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጨለማው ውስጥ ሆኜ "እኔ ነኝ የጨመርኩት" አልኩት። ትንሽ ቆይቶ "ዛፉንም?" አለ። "ዛፉ መጽሔቱ ላይ ነበር" አልኩ። አላመነኝም። ምን ፈርዶበት ያምነኛል? ገጾቹን ፈልጌ ላሳየው ብል ደግሞ እማዬ እሳት አያይዛባቸዋለች።

ዛፉን ማን እንዳለው ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ኢንተርኔት እንደ ልብ ሳገኝ መጀመሪያ ከፈለግኳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር። ሰውዬው ፒተር ሞሊኑ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ፖፑለስ በሚባል ጌም ተጫዋቹን አምላክ ያደረገ፣ በኋላም ጊልፎርድ ከተማ ላይ ላየንሄድ የሚባለውን ስቱዲዮ የመሠረተ። ፌብል ሲጀመር ስሙ "ፕሮጀክት ኢጎ" ነበር፤ ከላየንሄድ ጋር የሚሠራ ቢግ ብሉ ቦክስ የሚባል ትንሽ ቡድን ነው ለዓመታት የለፋበት። ሞሊኑ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጋዜጠኛ ባገኘ ቁጥር ያወራል። ዛፉን ያወራው እሱ ነው።

ጌሙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ይቅርታ ጠይቋል። ጽሑፉን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። የተናገርኩትና ሳይገባ የቀረ ነገር ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላል። ስለ እቅዳችን ስናገር የምናገረው እውነት ነው፤ ካወራሁት አንዱም ሳይሞከር አልቀረም ይላል። ምሳሌ አድርጎ ያነሳውም ዛፎቹን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዛፎች በጊዜ ውስጥ ያድጋሉ ብዬ ነበር፤ ቡድኑም ሠርቶት ነበር፤ ነገር ግን የፕሮሰሰሩን፣ የማሽኑን ማሰቢያ፣ አቅም 15 በመቶ በላ። ያ 15 በመቶ ለውጊያውና ለእይታው ቢውል ይሻላል ብለን አወጣነው ይላል።

አሥራ አምስት በመቶ።

ዛሬ የምተዳደረው በሶፍትዌር ሥራ ስለሆነ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ፕሮሰሰሩ 733 ሜጋኸርዝ፣ ሜሞሪው 64 ሜጋባይት ነበር። ከዚያ ውስጥ መንደር፣ ሰዎች፣ ሙዚቃ፣ እሳት፣ አስማት ሁሉ ይወጣል። ዛፍ ይደግ ካልክ ችግኙን፣ ለጋውን፣ ትልቁን መሣል አለብህ። የት እንደቆመ፣ ስንት ዓመት እንደሆነው መመዝገብ አለብህ። ጥላው ይለወጣል፤ ሰው መንገዱ ላይ ቢቆምበት ዞሮ ማለፍ አለበት። እኔም ባለቤቱ ብሆን ሳልቆርጠው አልቀርም። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ "ይሄ ይቅር" የሚለውን ሰው ሆኜ ስለማውቅ ነው። ደንበኛ ፊት ቀርቤ ደግሞ ገና ያልተጻፈውን ነገር "አለው" ያልኩበት ቀንም ጥቂት አይደለም።

ቢሆንም ልቤ ከቆራጮቹ ጋር አይደለም። የተሻለ የተባለውን ውጊያ ተጫውቼዋለሁ። አንዱንም አላስታውስም። ማንን በምን እንደመታሁ ጠፍቶኛል፤ የመጨረሻውን ጠላት ጭንብል ብቻ ነው የማስታውሰው። ዛፉን ግን እስከ ቅርንጫፉ አውቀዋለሁ። ከኦክቬል በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው ያለው። ከሥሩ ሁለት ሰው ይቀመጣል። ያ ኮረብታ ጌሙ ውስጥ መኖሩንም እንኳ እንጃ።

በሞሊኑ ላይ ብዙ ሰው ተናዷል፤ አሁንም ስሙ ሲነሳ ባሉጡ አብሮ ይነሳል። እኔ መናደድ አቃተኝ። ያን ይቅርታ ሳነብ "ተናገር፣ ተናገር" የሚለውን ስሜት አወቅኩት። ከፊትህ ዓይኑን ያፈጠጠ ሰው ተቀምጧል፤ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታይሃል፤ ከአፍህ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ያምራል። የእኔ አድማጭ አንድ ጎረቤት ነበር። የእሱ አድማጭ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ነው። ጥፋት አይደለም እያልኩ አይደለም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ገዝቶታል፤ እኛም ብንሆን አራት ዓመት ከፍለንበታል። ራሱም ከዚህ በኋላ ቀድሜ ባላወራ ይሻላል የሚል ነገር ጽፎ ነበር። አልተወም፤ እንዴት ይተወዋል?

ጓደኛዬ ዲቪ ደርሶት ሄደ። አሜሪካ እንደገባ ኤክስቦክስ 360 ገዛ። ፌብል ሁለት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የወጣው፤ እሱ ግን የተጫወተው ዘግይቶ ነው። አንድ ሌሊት፣ እኛ ጋ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ውሻው ሞተ" አለኝ።

እማዬ ከጎን ክፍል ነቅታለች። "ማነው? ምን ሆነ? ማን ሞተ?" ትላለች። በዚያ ሰዓት ከአሜሪካ የሚደወል ስልክ መርዶ ነው፤ ሰው ሰብስበው፣ ጠዋት ሳይነጋ በር አንኳኩተው የሚነግሩት ዓይነት። "ማንም አልሞተም እማዬ፣ ውሻ ነው" አልኳት። "የማን ውሻ?" አለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

ፌብል ሁለት ውስጥ ከልጅነትህ ጀምሮ የሚከተልህ ውሻ አለ። የተቀበረ ነገር ያሳይሃል፣ ጠላት ሲመጣ ይጮሃል። ደግ ስትሆን መልኩ ይለወጣል፣ ክፉ ስትሆንም እንደዚያው። መጨረሻው አካባቢ ለአንተ የተተኮሰውን ጥይት ዘሎ በራሱ ይቀበለዋል። ከዚያ ምርጫ ይሰጥሃል። የሞቱ ሺዎችን መመለስ፣ ወይም የምትወዳቸውን ከነውሻህ ማግኘት፣ ወይም ሀብት።

"ምን መረጥክ?" አልኩት።

"ምን ትላለህ አንተ? ውሻውን ነዋ።"

ከዚያ ሳቀ። "ውሸታም ብዬህ ነበር" አለኝ። "አለው እኮ።"

ላየንሄድ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘጋ። ሞሊኑ ከዚያ በፊት፣ በ2012፣ ወጥቶ ነበር። የፌብል ስም ግን አልቀረም፤ ፕሌይግራውንድ ጌምስ የሚባል ሌላ የእንግሊዝ ስቱዲዮ አዲስ ፌብል እየሠራ እንደሆነ በ2020 ተነገረ። በ2025 ይወጣል ተባለ፤ ከዚያ ወደ 2026 ተገፋ። በወጣ ቁጥር ማስታወቂያውን የሚልክልኝ ጓደኛዬ ነው። አሁን ሁለት ልጆች አሉት። ቪዲዮው ላይ ሜዳው፣ ደኑ፣ የፀሐይዋ ብርሃን ልክ ያኔ ጫማ ውስጥ እንደመጣው ገጽ ነው። አላየውም ብዬ ሁሌም አየዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሲልክልኝ ትልቁ ልጁ አብሮት ሳይቀመጥ አልቀረም። በድምፅ መልእክት፣ በዚያ በተኮላተፈ አማርኛ፣ "ጋሼ፣ ዛፍ መትከል አለው?" አለኝ። ከኋላ አባቱ ሲስቅ ይሰማል።

መልእክቱን ሁለት ጊዜ አደመጥኩት። ስለ ጌሙ የማውቀው ማስታወቂያው ላይ ያለውን ብቻ ነው።

"አለው" አልኩት።